ቦምብ ጣዩ አልተበላሸም

ሰሞኑን ኢንቦክሴ በአንድ ዓይነት አቤቱታ ተጨናንቋል። "ቲቸር፣ ጌሙ ተበላሽቷል። ቦምበሩ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ወደ ግራ ይጎትታል፣ ከዚያ ዞር ይልና ክንፉን ሰብሮ ቁጭ።" አንዱ ፋይሉ ሲገለበጥ ጎድሎበት እንደሆነ ይጠይቀኛል። ሌላው አውሮፕላኑ የሶቪየት ስለሆነ ሆን ብለው አበላሽተውት ነው ብሎ ፖለቲካ ውስጥ ገባ። ኧረ ቀስ! ጌሙ አልተበላሸም። የሚጎትተው በትክክል ስለተሠራ ነው። የተበላሸው አጨዋወታችን ነው፣ ዛሬ የምጽፈውም ስለሱ ነው። ረዘም ይላል፣ ሻይ ያዙ።

ለማታውቁት ወዳጆቼ ባጭሩ፦ የውጊያ በረራ ሲሙሌተር የሚባሉ ጌሞች አሉ። ዋር ተንደር፣ አይኤል-2፣ ዲሲኤስ የመሳሰሉት። አብዛኞቹ የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት አውሮፕላኖች ያስነዱሃል። ከቆሼ እስከ አየር ጤና ባሉት ጌም ቤቶች የሚበዛው ኳስ ነው፣ እሱን ሁሉም ያውቃል። ኮምፒውተር ያላቸው ጥቂት ቤቶች ግን አሉ፣ እዚያ የሚጫነው ዋር ተንደር ነው፤ ምክንያቱም ነፃ ነው። አይኤል-2ን ለመግዛት የዶላር ካርድ ወይም ውጭ ያለ አክስት ያስፈልጋል።

ቆሼ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው የቆሻሻው ክምርና የመጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. መደርመስ ነው። ከ110 በላይ ሰው የበላ አደጋ ነውና አይፈረድበትም። እኔ ግን እዚያ ሰፈር ሳስብ ፊዚክስ ያስተማርኳቸው ልጆች ናቸው የሚመጡብኝ። ከነሱ መካከል ፓይለት መሆን ያልተመኘ ወንድም ሴትም አላስታውስም። ወደ ቦሌ የሚወርዱትን አውሮፕላኖች እያየ ያደገ ልጅ ሌላ ምን ይመኛል? ስለዚህ ጌም ቤት ገብተው አውሮፕላን ሲመርጡ ደስ ይለኛል። የሚያናድደኝ ቀጥሎ የሚያደርጉት ነው፤ አየር ላይ ይጀምራሉ።

በዋር ተንደር አርኬድ በሚባለው አጨዋወት ሁሉም አውሮፕላን ሰማይ ላይ ነው የሚወለደው። ሪያሊስቲክ በሚባለው ደግሞ ተዋጊዎቹ ከመሬት ሲነሱ ቦምብ ጣዮቹ አሁንም ሰማይ ላይ ይሰጡሃል። ይህ ለጨዋታው ፍጥነት የተደረገ ነው፣ አዘጋጆቹን አልወቅስም። ውጤቱ ግን ይኸው፦ ሁለት ዓመት ቦምብ ጣይ "የነዳ" ልጅ አንድ ቀን ከማኮብኮቢያ ተነሳ ሲባል 100 ሜትር ቀጥ ብሎ መሄድ ያቅተዋል። ከዚያ ጌሙ ተበላሽቷል ይለኛል። ወይም "የመሪ እርዳታ" የምትለዋን ምርጫ ያበራና ችግሩ ተፈታ ይላል። ችግሩ አልተፈታም፤ ኮምፒውተሩ በሱ ፋንታ እግሩን እየረገጠለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ለምንድነው ወደ ግራ የሚጎትተው?

ፔ-2ን ወይም ዩ-88ን ውሰዱ። ሁለቱም ሁለት ሞተር ያላቸው ናቸው፣ ሁለቱም ሞተሮች ወደ አንድ አቅጣጫ ይዞራሉ፤ ከፓይለቱ ወንበር ሲታይ በሰዓት ዘንግ አቅጣጫ። በ11ኛ ክፍል "ለእያንዳንዱ ድርጊት እኩልና ተቃራኒ ምላሽ" ብለን ሰሌዳ ላይ ጽፈነው የለ? ሞተሩ ፕሮፔለሩን ወደ ቀኝ ሲያዞር አውሮፕላኑን ወደ ግራ ሊያጋድል ይሞክራል፣ መሬት ላይ ስላለ ግን የግራውን ጎማ ይጫነዋል። የተጫነ ጎማ ይጎትታል። ይህ አንድ። ከፕሮፔለሩ የሚወጣው ንፋስ ደግሞ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ አይሄድም፤ እንደ ገመድ ተጠማዝዞ ይሄዳል፣ ያገኘውንም ነገር ወደ ጎን ይገፋል። ሦስተኛው፣ እነዚህ አውሮፕላኖች ሦስተኛ ጎማቸው ጅራት ላይ ነው። ቆመው አፍንጫቸው ወደ ሰማይ ያያል፣ ፕሮፔለሩም ተንጋዶ ይቆማል። ያን ጊዜ በቀኝ በኩል የሚወርደው ምላጭ በግራ ከሚወጣው የበለጠ አየር ይይዛል። ቀኙ ከበለጠ አፍንጫው ወዴት ይዞራል? ወደ ግራ።

አራተኛዋ ናት ልጆቹን የምትገላቸው። ትንሽ ከተንደረደሩ በኋላ ጅራቱን ከመሬት ያነሳሉ። የሚሽከረከር ነገርን ስታጋድለው በፈለግከው በኩል አይሄድልህም፣ 90 ዲግሪ ዞሮ ይመልስልሃል። በብስክሌት ጎማ ክፍል ውስጥ ያሳየኋችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ጎማውን እያሽከረከርን ስናጋድለው እጃችንን ጠምዝዞ የወሰደው። ፕሮፔለሩ ያው ጎማ ነው። ጅራቱን ብድግ ስታደርገው አፍንጫው ወደ ግራ ይመታል። ቀስ ብላችሁ ካነሳችሁ ምቱ ቀስ ያለ ነው፣ በአንዴ ካነሳችሁ በአንዴ ነው።

አራቱም በአንድ ላይ ወደ ግራ ናቸው። ይህን ሁሉ የሚመክተው የቀኝ ፔዳል ነው፤ ማለትም ጅራቱ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመው መሪ፣ ራደሩ። ራደር ግን የሚሠራው በሚነፍስበት አየር ነው። ፍጥነት ሳይኖር ራደር ጌጥ ነው። በፔ-2 ጅራት ላይ ያሉት ሁለት ራደሮች ከሞተሮቹ ኋላ ስለሆኑ ቶሎ ንፋስ ያገኛሉ። ዩ-88 እና ሃይንከል 111 ግን አንድ ራደር ብቻ ነው ያላቸው፣ እሱም መሃል ላይ፣ ከሁለቱም ፕሮፔለር ንፋስ ውጭ። የዩ-88 እውነተኛ ፓይለቶች እንኳ ሲነሳ ዘው ብሎ የሚዞር አውሮፕላን እንደሆነ ያውቁት ነበር። እንግዲህ በጦርነቱ ዘመን የሰለጠነን ፓይለት ያስቸገረ አውሮፕላን በኪቦርድ የሚነዳን የአየር ጤና ልጅ ባያስቸግር ነበር የምጠራጠረው።

መፍትሔው አለ፣ ለኪቦርድም ጭምር። ጋዙን በአንድ ጊዜ እስከ ጥግ አትስጡ። መጀመሪያ ሲሶ ያህል ስጡና አውሮፕላኑ መስመሩን ሲይዝ እዩ። ከዚያ ቢያንስ ስድስት እየቆጠራችሁ ጨምሩ። የጅራት ጎማ መቆለፊያ ካለ ከመነሳታችሁ በፊት ቆልፉ፣ መሪውን ወደ ሆዳችሁ ስባችሁ ያዙ፤ ጅራቱ መሬቱን ሲጫን የተቆለፈው ጎማ እንደ ሐዲድ ያስኬዳችኋል። ራደሩ ሕይወት የሚያገኘው 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት አካባቢ ስትደርሱ ነው። እስከዚያ ድረስ ጅራቱን ለማንሳት አትቸኩሉ፣ ሲነሳም በራሱ ጊዜ ይነሳ፤ እናንተ መሪውን መልቀቅ ብቻ ነው። አሁንም ወደ ግራ ከሄደ የግራውን ሞተር ከቀኙ ትንሽ አብልጡት። ፍሬን የመጨረሻ መድኃኒት ነው፣ እሱም ነካ አድርጎ መተው ነው።

ኪቦርድ ያለው ችግር ፔዳሉ ወይ የለም ወይ ሙሉ መሆኑ ነው። ልጁ ቀኝ ይጫናል፣ አውሮፕላኑ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ደንግጦ ግራ ይጫናል፣ ከዚያ መንገዱ ጠላ ቤት አምሽቶ እንደሚመለስ ሰው መንገድ ይሆናል። ቁልፉን አትያዙት፣ መታ መታ አድርጉት። ደግሞም አፍንጫው መዞር *ሲጀምር* እንጂ ከዞረ በኋላ አይደለም። ዓይናችሁ የማኮብኮቢያው መጨረሻ ላይ ይሁን። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ የመኪና ጌም ፔዳል አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥበት ገዝቶ እንደ ራደር አድርጎ ገጥሞታል፤ ነዳጅ መስጫው ቀኝ፣ ፍሬኑ ግራ። ከሁላችንም በላይ ቀጥ ብሎ የሚነሳው እሱ ነው።

እስካሁን ያወራሁት የትም አገር ያለ ልጅ የሚገጥመው ነው። አሁን የኛን ላምጣ።

ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው። በ20 ዲግሪ ሙቀት ቀን እዚያ ያለው አየር በተመሳሳይ ሙቀት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። (ሰፈራችን አየር ጤና ይባል እንጂ አየሩ ሳስቷል።) ክንፍ የሚያነሳው አየር እየገፋ ነውና አየሩ ሲሳሳ ያንኑ ክብደት ለማንሳት መፍጠን አለበት። ይህ ማለት በፍጥነት መለኪያው 180 ላይ የሚነሳ ቦምብ ጣይ ቦሌ ላይም መርፌው 180 ሲል ነው የሚነሳው፤ መሬቱ ግን ከሥሩ በ210 ገደማ ነው የሚሮጠው። ርቀቱ ደግሞ ከፍጥነቱ ስኩዌር ጋር ይሄዳል። በግርድፉ ጅቡቲ ላይ 1,000 ሜትር የተንደረደረ፣ ሞተሩ ምንም ጉልበት ሳይቀንስ፣ እዚህ 1,330 ሜትር ይፈልጋል። ሞተሩም አየር ነውና የሚበላው ጉልበቱን በዚያው ልክ ካጣ 1,800 ሜትር ይጠጋል። የጦርነቱ ዘመን ትልልቅ ሞተሮች አየር የሚያምቅ መጭመቂያ ስላላቸው ይህን ያህል አይወድቁም። መጭመቂያ የሌላቸው ግን ይወድቃሉ።

ይህ የወረቀት ሒሳብ ብቻ አይደለም። ከቆሼ ብዙም ሳይርቅ "ኦልድ ኤርፖርት" የምንለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከየት ነው? የአዲስ አበባ የቀድሞ አውሮፕላን ማረፊያ ልደታ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 720 ጄት ሲያዝዝ ያ ማኮብኮቢያ አልበቃ አለ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወደ ቦሌ የተሄደው በዚሁ ምክንያት ነው። ዛሬ ቦሌ 3,800 ሜትር የሚደርስ ማኮብኮቢያ ያለው ያለ ነገር አይደለም። የመንደርደሪያ ርቀት ጉዳይ ከተማችንን ቅርጽ አስይዟል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ቦምብ ጣይም ቢሆን ለኛ የሩቅ አገር ነገር አይደለም። በ1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው ፖቴዝ 25 ለቅኝትም ለቀላል ቦምብ ጣይነትም የተሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ ደግሞ የስዊድን ሳብ 17 ቦምብ ጣዮች ቢሾፍቱ ገቡ። ያኔ አየር ኃይሉን ሲያደራጅ የነበረው ስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ነበር፣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1977 ጎዴ ላይ የሞተው። ሳብ 17 አንድ ሞተር፣ የጅራት ጎማ፣ ከላይ የዘረዘርኳቸው አራቱም ጠባዮች ያሉት ነው። ቢሾፍቱ ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ አላት። እነዚያ ወጣት ኢትዮጵያውያን ፓይለቶች "አየር ላይ ጀምር" የሚል ምርጫ አልነበራቸውም። ሳብ 17 ዋር ተንደር ላይ በስዊድን መስመር ውስጥ አለ። ሁላችሁም አልፋችሁት ነው ወደ ጀርመን የምትሄዱት፣ እኔ ግን ከዚያ ጀምሩ እላለሁ። አንድ ሞተር ስለሆነ የሚምታታ ነገር የለውም፣ ታሪኩም የራሳችን ነው።

ጭነት የሚለውን ሳልነካ እንዳላልፍ። ጌሙ ነዳጅና ቦምብ ምረጡ ሲላችሁ ሁሉንም እስከ ጥግ ትሞላላችሁ። ለ15 ደቂቃ በረራ የአራት ሰዓት ነዳጅ! ሚኒባስ ላይ ትርፍ ሰው ሲጫን የምትጮኹ ልጆች እዚህ ስትደርሱ ረዳት ትሆናላችሁ። የሚበቃችሁን ነዳጅ ከነመጠባበቂያው ያዙ፣ ቦምቡንም ለመጀመሪያው ሳምንት ባዶ አድርጉት። ፍላፕ ትንሽ አውርዱ፤ ሙሉ ካወረዳችሁት ከማንሳቱ መያዙ ይብሳል። ከዚያ ደግሞ ከሁሉ የከፋው ስህተት አለ፣ ማኮብኮቢያው ሲያልቅ ደንግጦ መሪውን መሳብ። አውሮፕላኑ ይነሳል፣ እውነት ነው። መሬት አጠገብ ክንፉ ሥር ያለው አየር ትንሽ ስለሚደግፈው ነው። አሥር ሜትር ከፍ ሲል ድጋፉ ይቀራል፣ እሱም ይወርዳል። ተነስታችሁ እዚያው ዝቅ ብላችሁ ፍጥነት ሰብስቡ፣ ጎማ እጠፉ፣ ከዚያ ነው መውጣት። ፍላፑንም በአንዴ አትሰብስቡት።

ቆሼ ያደገ ልጅ ግን ይህን ከኔ መማር አልነበረበትም። አባ ኮዳን አይቶት የለ! እስከ 9 ኪሎ የሚመዝን ወፍ ክምሩ ላይ ሲነሳ እንደ ድንቢጥ ፈር አይልም። ፊቱን ወደ ንፋሱ ያዞራል፣ ክንፉን ይዘረጋል፣ በዚያ ቀጭን እግሩ ይንደረደራል፣ ከተነሳም በኋላ መጀመሪያ ዝቅ ብሎ ነው የሚሄደው። ምንም ሳይሞቀው፣ ከዚያ ሙቅ አየር ያገኝና ሳይደክም እየዞረ ይወጣል። ፊትን ወደ ንፋስ ማዞር ምን ያህል እንደሚጠቅም ለማወቅ ሚያዝያ 18 ቀን 1942 እ.ኤ.አ. የሆነውን አስቡ። ዱሊትል የሚመራቸው 16 ቢ-25 ቦምብ ጣዮች ሆርኔት ከተባለች መርከብ ላይ ተነስተው ቶኪዮንና ሌሎች የጃፓን ከተሞች ደበደቡ። መሪው የነበረው መንደርደሪያ 150 ሜትር እንኳ አይሞላም። ያስነሳቸው መርከቧ ወደ ኃይለኛው ንፋስ በሙሉ ፍጥነት መሄዷ ነው። አውሮፕላኑ ጋዝ ሳይሰጥ ገና ክንፉ ላይ ንፋስ ነበረ። እናንተ ግን ጌሙ ላይ የንፋሱን አቅጣጫ የምታዩት ከተሰበራችሁ በኋላ ነው።

አሁን የሚነሳብኝን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። አንዱ እንዲህ ብሎ ጽፎልኛል፦ "ቲቸር፣ እኔ በሰዓት ነው የምከፍለው። ግማሹን ሰዓት ማኮብኮቢያ ላይ ስሰባበር ልጨርስ?" ይህ ጠንካራ ነጥብ ነው፣ በተለይ ብሩ ከምሳ ተቀንሶ የመጣ ከሆነ። ከዚያ ላይ መብራት ይጠፋል። በየቀኑ እንዲያ አድርጉ አልልም። ሁለት ከሰዓት በቂ ነው። የመጀመሪያው ሁሉ መሰበር ነው፣ በሁለተኛው እግር ወይም ጣት ራሱ ያውቃል። ጌም ቤት ያላችሁ ወዳጆቼ ደግሞ፣ ጠዋት ጠዋት ወንበሩ ባዶ ሆኖ ስታዛጉ አያችኋለሁ። ለመነሳት ለሚለማመድ ልጅ በግማሽ ዋጋ ብትሰጡት ምን ይጎድላችኋል?

ሌላው ተቃውሞ ከበድ ያለ ነው፣ ከአንዲት የሥራ ባልደረባዬ የመጣ። "በጦርነት የተጎዳ አገር ላይ ሆነህ ልጆችን ቦምብ መጣል ታበረታታለህ?" አለችኝ። ደሴ በኅዳር 1928 ዓ.ም. በጣሊያን ቦምብ ጣዮች ስትደበደብ የነበሩ ሰዎች የልጅ ልጆች መካከል ነው የምንኖረው፣ ከዚያም ወዲህ ያለውን ሁላችን እናውቃለን። ጥያቄዋ ተገቢ ነው። ግን ልብ በሉ፦ አየር ላይ የሚጀምረው ልጅ ከጌሙ የሚቀረው ቦምቡን መጣል ብቻ ነው። ቁልፍ ይጫናል፣ ከታች ይፈነዳል፣ ነጥብ ያገኛል። ከመሬት የሚነሳው ልጅ ዘንድ ቦምብ መጀመሪያ ክብደት ነው። እያንዳንዷ 250 ኪሎ ማኮብኮቢያው ላይ ምን እንዳስከፈለችው ያውቃል። እኔ የማበረታታው ባዶውን አውሮፕላን በትክክል ማንሳት ነው። ባልደረባዬ አልተስማማችም፤ ቢያንስ ግን ባዶ አውሮፕላን የሚያነሳ ልጅ ላይ ቅሬታ የላትም።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ለምን አሳሰበኝ? ከናንተ መካከል የበረራ ትምህርት ቤት ፈተና ልትቀመጡ የምትዘጋጁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ጌም ፓይለት አያደርግም፤ ያደርጋል የሚላችሁን አትስሙ። ከመሬት መነሳትን በራሱ እጅ ያገኘ ልጅ ግን ስለ አየር እፍጋት ሲጠየቅ የሚያወራው የሸመደደውን አይሆንም። አንዷ ተማሪዬ ክፍል ውስጥ ሦስት ሳምንት ያልገባትን የብስክሌት ጎማ ነገር ጅራቱን አንስታ አፍንጫው ሲመታባት በአንድ ከሰዓት ገባት፤ "ቲቸር፣ ያ ጎማ እኮ ነው!" ብላ ደወለችልኝ።

እንግዲህ የቤት ሥራ፣ አሁንም ከኔ አላመለጣችሁም። ፍላይትጊር የሚባል ነፃ ሲሙሌተር አለ። የውጊያ ጌም አይደለም፣ ግን መላውን ዓለም ይሸፍናል፣ የድሮ ቦምብ ጣዮችም ይገኙበታል። አንድ ቦምብ ጣይ ምረጡ። መጀመሪያ ከጅቡቲ፣ ከዚያ ከቦሌ አስነሱት፤ ሙቀቱን ሁለቱም ላይ 20 ዲግሪ፣ ንፋሱን ዜሮ አድርጉ። የመሪ እርዳታ ጠፍቶ። ጋዝ ከሰጣችሁበት ጎማው መሬት እስከለቀቀበት ያለውን ሰከንድ በስልካችሁ ያዙና ሁለቱንም ቁጥር ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ስንት ነዳጅ እንደጫናችሁም አብራችሁ ጻፉ፣ ያለሱ ቁጥሩ ምንም አይነግረኝም። በኪቦርድ ለሠራ ሰው ሁለት ሰከንድ አስተያየት አደርጋለሁ።